ወቅታዊ ድባቴ በጅግጅጋ ሰማይ ሥር፦ ሴሮቶኒን፣ ጂላልና ጫት



የዛሬውን ንግግር ከራሴ ስህተት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ከቶጎ ውጫሌ የመጡ አንዲት እናት እንቅልፍ እንዳጡና ከሰው እንደሸሹ በአስተርጓሚ ነገሩኝ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቄን አውጥቼ «በክረምት ይብስብዎታል?» አልኋቸው። «በክረምትማ ዝናብ አለ፤ ያን ጊዜ ምን እሆናለሁ?» አሉ። እኔም «ወቅታዊ አይደለም» ብዬ መዘገብሁ። ሕመማቸው ግን በየዓመቱ በጂላል፣ በደረቁ ወራት፣ ይመለስ ነበር።

መጠይቁ የተዘጋጀው ለሌላ ሰማይ ነው። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ወቅታዊ ድባቴን ሲገልጹ ያዩት ቀኑ የሚያጥርበትን ብርዳማ ወቅት ነው። በ1990ዎቹም በዚያው ተቋም ኤምሲፒፒ የተባለውን፣ የሴሮቶኒን ተቀባዮችን የሚቀሰቅስ ውህድ ለሕሙማን በደም ሥር ሰጡ። ሕሙማኑ በድባቴ ውስጥ ሳሉ ከጤነኞቹ ይልቅ የመነቃቃትና የፍሥሓ ስሜት አሳዩ፤ በብርሃን ከታከሙ በኋላ ግን ይህ ምላሽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሜልቦርን ጥናት ደግሞ ከ101 ወንዶች የአንገት ደም ሥር ናሙና ወስዶ፣ የአንጎል ሴሮቶኒን ዝውውር በብርዱ ወራት ዝቅ እንደሚል፣ በዕለቱ ፀሐይ መጠንም ከፍ እንደሚል አሳየ።

ጅግጅጋ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በስቶክሆልም ከ12 ሰዓት ይበልጣል። እዚህ የሚፈራረቀው ዝናብ ነው፤ ከእርሱም ጋር ግጦሹ፣ የብርካው ውኃ፣ የከብቱ ዋጋ። እኒያ እናት የታመሙት ሰማዩ ደመና አልባ በሆነበት ወቅት ነበር። በብርሃን እጥረት ልንተረጉመው አንችልም።

ታዲያ ያንን የደም ሥር ሙከራ እዚህ እንድገመው የሚል ሐሳብ ከተማሪዎቼ ቀርቦልኛል። በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ጫት ነው። ከአወዳይ የተነሣው ጫት ጅግጅጋ ገብቶ፣ በውጫሌ በኩል ሐርጌሳ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 ከጫት የተለየው ካቲኖን በዋናነት ዶፓሚንን ያስለቅቃል፤ ፒተር ካሊክስ በጄኔቭ በአይጥ የአንጎል ሕዋስ ላይ ባደረገው ሙከራ ግን ሴሮቶኒንንም እንደሚያስለቅቅ አሳይቷል። ስለዚህ ትናንት ቅሞ ዛሬ ሐራራ ላይ ባለ ሰው የምንለካው ወቅቱን ነው ወይስ ጫቱን? ዱካክ የሚያስጨንቀውን ሰው፣ ጭንቀት ሊቀሰቅስ በሚችል ውህድ መፈተንስ ተገቢ ነው? (ዱካክን ተረት ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ በሌሊት ተረኛነት ያገኙት አይመስለኝም።)

መጠይቁን አሁን በጉ፣ በከረንና በጂላል ከፋፍለን ጽፈነዋል፤ የመጨረሻውን ጫት የቃሙበትን ሰዓትም ይጠይቃል። በአውበሬና በቀብሪ በያህ የምንሞክረው እርሱን ነው፤ መርፌው ይቆየን። እኒያን እናት ፈልጌ አላገኘኋቸውም።

አሁን ጥያቄያችሁን ልቀበል።