ከከርከሮ ጥበቃ እስከ «ቤብ»፤ ስለ እንስሳት ኮሜዲ የተደረገ ንግግር



ቤተሰብ አብሮ ስለሚያየው፣ ብልህ እንስሳ ዋና ገጸ ባሕርይ ስለሚሆንበት አስቂኝ ፊልም ልናገር ስነሣ «ይህ ደግሞ ርእስ ነው?» ያሉኝ አሉ። ጥርጣሬያቸውን በከፊል እጋራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አብርሃ ጅራ ወርጄ ለእህቴ ልጆች «ቤብ»ን አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ ግልገል አሳማ በግ መጠበቅን የሚማርበት የአውስትራሊያ ፊልም ነው። (ግልገል አሳማ ቶሎ ስለሚያድግ ለቀረጻው 48 ያህል ግልገሎች ተፈራርቀዋል።) በዚያ ቆላ ማሽላ ሲያሸት ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከከርከሮ ይጠበቃል። ስለዚህ ትንሹ ልጅ አሳማውን ሲያይ አልሣቀም። «ጋሼ፣ ይኼ ከርከሮ እርሻ አያጠፋም?» አለኝ።

የሣቀው ዳክዬው በመጣ ጊዜ ነው። ዳክዬው እንዳይታረድ፣ ጥቅም ያለው ለመምሰል በየማለዳው እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ባለቤቶቹ የማንቂያ ሰዓት ሲገዙ ሥራውን ተነጠቀ፤ ሰዓቱን እንዲሰርቅለትም አሳማውን አባበለው። ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። ገና ሲደርስ ግን ሌላ ዳክዬ ታርዳ ገበታ ላይ ቀረበች፤ ቤቱም ጸጥ አለ።

ከሣቅ በታች ያለው ይህ ቢላዋ ለአገራችን ትያትር እንግዳ አይደለም። በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት (1909–1922 ዓ.ም.) በመኳንንቱ ፊት ታየ፤ አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ መንግሥቱ አሠራር መሆኑ ስለታወቀ ታገደ። ያገዱት ሰዎች ተውኔቱ በደንብ ገብቷቸዋል፤ ከእኛ ከሐያስያን ብዙዎቻችን ይህን ያህል አንጠነቀቅም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሰው ናቸው። ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ፈጥነው አያምኑኝም።

በተረቶቻችን ጦጣ ብልህ የምትሆነው ለማምለጥ ነው። የቤተሰብ ፊልም እንስሳ ግን ብዙውን ጊዜ ብልህ የሚሆነው ጌታውን ለመጥቀም ነው። «ቤብ» ከመሰሎቹ የሚሻልብኝ ይህን ውል ስለማይደብቀው ነው፤ የማይጠቅም ይበላል።

አሳማው ውድድሩን አሸንፎ ሁሉ ሲያጨበጭብ ትንሹ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ሲያረጅስ ያርዱታል?» አለኝ። ፊልሙ ይህን አይመልስም፤ እኔም ያን ማታ አልመለስሁለትም።