ሱፍ ብለን ከሸጥን ሱፍ ይሁን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት የምንጣፍ ክፍል አባል ያደረገችው ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «በእጅ የተቋጠረ የሱፍ ምንጣፍና የቤት ውበት» የሚል ነው። ስለ ውበቱ እናገራለሁ። ነገር ግን ከምሳ በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አለ። ሱፉን ትተን ወደ ሰው ሠራሽ ክር እንዙር ወይስ አንዙር? እሱን ሳላነሣ ብቀመጥ ያየሁትን መደበቅ ይሆንብኛል።

እኔ ባደግሁበት ቤት ምንጣፍ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፤ ለዓውደ ዓመት ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ከዚያ የተረፈው ሰሌን ነው። ስጋጃ መጀመሪያ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ የሚሰግዱበትን መስገጃ ይሉታል፤ ሁለቱም ስሞች ከስግደት ጋር የተዛመዱ ናቸው። እዚህ ኮልፌ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሲጠሩ ነው የሚውሉት።

የሱፍ ሥራ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መንዝን የሚያውቅ ሰው ባናን ያውቃል፣ ዝተትን ያውቃል፣ ጥቁሩን በርኖስ ያውቃል። ብርዱ የበረታበት፣ ውርጭ ሰብሉን የሚመታበት አገር ስለሆነ፣ እህል በከዳ ዓመት ቤቱን የሚያቆመው በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመናው ትንሽ፣ ፀጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው። ለሹራብ ይኮሰኩሳል። ለምንጣፍ ግን የሚፈለገው ይኸው ሻካራነቱ ነው፤ ስትረግጡት ይተኛና እግራችሁን ስታነሡ ተመልሶ ይቆማል። ለስላሳ ሱፍ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ተላልጦ ድሩ ይታይ ነበር።

ባናው የጥንት ነው፤ ቋጠሮው በኋላ የመጣ ሙያ ነው። ዛሬ በደብረ ብርሃን የሚሠሩትን ምንጣፎች ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አንበሳው፣ የአክሱም ሐውልቱ፣ የላሊበላ መስቀሉ፣ ከሶፋው በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነው። መሬት ላይ ለመርገጥ የሚሳሳለት ምንጣፍ እንዲህ ሆኖ ግድግዳ ላይ ቀረ።

ስለ ቋጠሮው ትንሽ ልንገራችሁ፤ የዋጋው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ድሩ ጥጥ ነው፤ በቋሚው መሸመኛ ላይ ከላይ እስከ ታች ተወጥሮ ይቆማል። ሁለት ሁለት ድር እየያዝን የሱፉን ክር እንጠመጥምበታለን፤ ሁለቱን ጫፍ በመካከላቸው አውጥተን ወደ ታች ስበን እንቆርጣለን። ይህ አንድ ቋጠሮ ነው። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ እናስገባና ባለ ጥርሱን መምቻ ይዘን እንደበድበዋለን። እኛ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 16፣ ወደ ላይም 16 ቋጠሮ እንሠራለን። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር 25,600 ይሆናል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ምንጣፍ 38,400 ቋጠሮ አለው። እኔ ደህና በዋልኩበት ቀን 3,200 ያህል እቋጥራለሁ፤ ስለዚህ ያችን ትንሽ ምንጣፍ ለመቋጠር ብቻ 12 ቀን እቀመጣለሁ። ማጠቡ፣ መንደፉ፣ መፍተሉ፣ መጨረሻ ላይ በመቀስ ማስተካከሉ ገና አልተቆጠረም። «ለዚች ጨርቅ ይህን ያህል?» ለሚሉኝ ደንበኞች ይህን ሂሳብ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይገዛሉ፤ አንዳንዶቹ አዝነው ይሄዳሉ፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

ግን አንኩራ። በ1949 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች ፓዚሪክ በሚባል ቦታ፣ በረዶ ከሞላው መቃብር ውስጥ አንድ የሱፍ ምንጣፍ ተገኝቷል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ አሁን ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሄርሚታዥ ሙዚየም ይታያል። አጋዘኖቹና ፈረሰኞቹ እስካሁን ይለያሉ። በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 36 ያህል ቋጠሮ አለው፤ ከእኛ 14 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። አቋጣጠሩ ግን ያው ነው፣ እኛ የምንሠራው ዓይነት፣ ሁለት ድር ላይ የሚጠመጠመው። ይህን የሰማሁ ቀን ጣቶቼን ሳይ ዋልኩ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ሱፍ ተወደደብን። የነበረንም በዝናቡ ምክንያት ታጥቦ አልደርቅ አለ። የታዘዘ ምንጣፍ በእጃችን ነበር፤ አንበሳ ያለበት፣ ዳር ዳሩ ቀይ። ለቀዩ ከመርካቶ ሰው ሠራሽ ክር ገዛን። ቀለሙ ያበራል፣ የተፈተለ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ማንም ሰው ልዩነቱን አላየም። ገዢዋ እናት ለልጃቸው መልስ የሚሆን ስጦታ ፈልገው ነበርና ሲረከቡ «ሱፍ ነው አይደል?» አሉ። «አዎ፣ ሱፍ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ማኅበሩ አላለም፤ ኮሚቴው አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዓውደ ዓመት ቡና እየተፈላ ሳለ ፍም ከከሰሉ ላይ ዘሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሁለት ቦታ ነው የነካው። ጥቁሩ ላይ ያረፈው ትንሽ ጠቁሮ ጠፋ፤ በጥፍር ሲፍቁት ለቀቀ። ቀዩ ላይ ያረፈው ግን አቅልጦ አውራ ጣት የሚያህል ጉድጓድ ሠራ፤ ዳሩም እንደ ፕላስቲክ ደረቀ። ሱፍ እሳት ሲነካው ይከስላል እንጂ አይቀልጥም፤ እሳቱ ሲነሣለት ራሱ ይጠፋል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል። ልዩነቱን ላብራቶሪ ሳይሆን የቡና ከሰል ነገራቸው።

ምንጣፉን በታክሲ ጭነው መጡ። አልጮሁም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ጉድጓዱን አሳዩኝና «ልጄ፣ ሱፍ ነው ብለሽኝ አልነበር?» ብቻ አሉ። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀዩን ሁሉ ፈትተን በሱፍ መልሰን ቋጠርነው፤ 11 ቀን ፈጀ፤ ገንዘብ አልተቀበልንም። እሳቸው በኋላ ሌላ ደንበኛ ልከውልናል፤ የላኩት ደንበኛ ግን ገና ከበሩ ሳይገባ ክብሪት እንዳለን ጠየቀን።

ከሰው ሠራሹ ጋር ያሉትን እህቶቼን በክፉ አላያቸውም። ምክንያታቸው እውነት ነው። ክሩ ተፈትሎና ተቀልሞ ስለሚመጣ ምንጣፉ ቶሎ ያልቃል፤ በቁራጭ ሥራ የሚከፈላት ባልቴት ደግሞ የቤት ኪራይዋ ሱፉ እስኪደርቅ አይጠብቃትም። ብልም አይበላውም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ቆጥሬ ልንገራችሁ። በማኅበራችን ዓይናቸው ደክሞ መቋጠር ያቃታቸው 9 እናቶች አሉ። እንዝርቱን ሳያዩም ያሾሩታል፤ ክሩ ቀጥኖ ሲሳሳ በጣታቸው ያውቁታል። ክሩ ተፈትሎ ከመጣ እነሱ ምን ይሠራሉ? በዕቅዱ ወረቀት ላይ «የወጪ ቅነሳ» ተብሎ የተጻፈው መስመር የእነሱ ደመወዝ ነው።

ስለ ቤቱ ውበት ቃል ገብቼ ነበርና ልመለስበት። የሰዉ ቤት ተለውጧል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ 3 በ4 የሚሆነው ትልቁ አንበሳ አይገባም፤ ቢገባም ሶፋው ጭራውን ይረግጠዋል። አሁን ሴራሚኩ በጠዋት እግር ስለሚያቀዘቅዝ ከአልጋ ሲወረድ የሚረገጥ ትንሽ ምንጣፍ፣ በሶፋዎቹ መካከል የሚውል፣ ረከቦት የሚቀመጥበት ነው የሚፈለገው። ወጣቶቹ ሙሽሮች ደግሞ ቀይና አረንጓዴውን እያዩ ያልፋሉ፤ ቀለም ያልነካውን፣ የበጉን የራሱን ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ግራጫ ሲያዩ ይቆማሉ። እኔ መጀመሪያ ያልተጨረሰ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቤቴ ያለው እሱ ነው። ከነጭ ግድግዳና ከእንጨት ጋር አይጣላም፣ በፀሐይ የሚጠፋ ማቅለሚያ የለበትም፣ ሲታጠብም ቀለም አይለቅም። ለእኛም የቀለም ወጪው ይቀራል፤ ሱፉ የተወደደብንን ያህል ባይሆንም ጥቂት ይመልስልናል።

የምትገዙት ምንጣፍ የእጅ መሆኑን ለማወቅ ገልብጡት። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ጀርባው ላይ ሥዕሉ ሳይደበዝዝ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ዘርፉም ከድሩ የቀጠለ እንጂ ኋላ የተሰፋ አይደለም። ጀርባው በማጣበቂያና በጨርቅ የተሸፈነ ከሆነ ቋጠሮ የለውም። ቤት ስታስገቡት በየጥቂት ወሩ አዙሩት፣ ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ አራግፉት፤ ብል የሚወደው ጨለማና ሳይነካ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። በራሳችን ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሴቶች ጥልፍ እየሠሩ ይሸጣሉ። ከእነሱ የመጀመሪያውን የትራስ ልብስ የገዛሁት አዝኜ ነው። ሁለተኛውን ግን ጥልፉ ስላማረኝ ገዛሁ። እናንተም የመጀመሪያውን ምንጣፍ አዝናችሁልን ብትገዙ ቅር አይለንም፤ ሁለተኛውን እንድትገዙ የማድረጉ ሥራ የእኛ ነው፤ ድብልቅ ክር ይዘን ደግሞ አናደርገውም።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው። ሰው ሠራሽ ክር ይቅር አልልም፤ ለበር መግቢያና ለወንበር ልብስ ይሁን፣ ስሙም ተጽፎ በራሱ ዋጋ ይሸጥ። በአንድ ምንጣፍ ውስጥ ግን ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ በውስጥ ደንባችን ይጻፍ። በእያንዳንዱ ምንጣፍ ጀርባ ድሩ ምን እንደሆነ፣ ፀጉሩ ምን እንደሆነ፣ የፈተለችውና የቋጠረችው ማን እንደሆነች የሚናገር ጨርቅ ይሰፋበት። ሱፉን ደግሞ በበጋ፣ ማድረቅ በሚቻልበት ጊዜ ለክረምቱም ጭምር እንግዛ። ለዚህ አንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ደጋፊዎቻችን ዘንድሮ ልትረዱን ከፈለጋችሁ ሌላ ስልጠና ሳይሆን ይህ የሱፍ መግዣ ይሁንልን።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ልቃቂት ክር አስቀምጫለሁ፤ አንዱ እናቶቻችን የፈተሉት ነው፣ አንዱ ከመርካቶ የመጣው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ወደ ምሳ ስትወጡ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት እየቆረጣችሁ ሞክሩት፤ ክብሪቱ ሰሃኑ ውስጥ አለ።