ልጁ ሲሳሳት ወደ ማን ያያል?

በአንድ ሰፈር የታዳጊ ወንዶች የእግር ኳስና የምክር ፕሮግራም ምረቃ ላይ በክብር እንግድነት የቀረበ ንግግር



የመድረኩ መሪ “አንጋፋው ዳኛ” ብለው ጠርተውኛል፤ አመሰግናለሁ። በዳኝነት ዕድሜ የሚቆጠረው በወረደብን ስድብ ልክ መሆኑን እዚህ የተቀመጡት አሰልጣኞች ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም የበኩላቸውን አዋጥተዋል። ትልቅ ስታዲየም ውስጥ አጫውቼ አላውቅም። ፊሽካ የነፋሁት በትምህርት ቤት ውድድርና በሰፈር ዋንጫ ነው፤ መረብ በሌለው ጎል፣ ዝናብ ሲመጣ የኖራው መስመር ታጥቦ በሚጠፋበት ሜዳ። የምነግራችሁም እዚያ ያየሁትን ነው።

ተመልካች ኳስ ይከተላል። ዳኛ ግን ኳሷ ከሄደች በኋላም ከኋላ የቀረውን ማየት አለበት፤ ጥፋት የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና። እዚያ ቆሜ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ኳስ ሲያበላሽ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት፣ ይባስ ብሎም በራሱ ጎል ላይ ሲያገባ፣ መጀመሪያ የሚያየው ጓደኞቹን አይደለም። መስመሩ ዳር ወደ ቆመው ትልቅ ሰው ነው ዓይኑ የሚሄደው። ሳያስበው ነው የሚያየው፤ ዓይን ለዓይን እስኪጋጠሙም አይቆይም። ያ ሰው እጁን አወናጭፎ “አንተ ደንቆሮ!” ካለው፣ ልጁ ቀጥሎ የሚያደርገውን አውቀዋለሁ። ወይ የተጋጣሚውን ቁርጭምጭሚት ይረግጥና ካርድ ሳወጣበት እኔ ላይ ይጮኻል፣ ወይ ደግሞ ኳስ እንዳይመጣበት ከሰው ጀርባ እየተሸሸገ ጨዋታውን ይጨርሳል። ሰውየው “ይሁን፣ ቦታህን ያዝ” ካለው ግን ቦታውን ይይዛል።

ስለዚህ “ስፖርት ልጅን ጨዋ ያደርጋል” ሲባል ወዲያው አልስማማም። ኳስ ብቻዋን ማንንም ጨዋ አድርጋ አታውቅም። ዳኛ የሚደበድቡ፣ በተሸነፈ የሚያላግጡ፣ ደካማውን ልጅ በቅጽል ስም የሚገድሉ ቡድኖች አጫውቻለሁ፤ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ሰፈር የመጡ ጨዋ ልጆችንም አጫውቻለሁ። ልዩነቱን ስፈልግ ሁልጊዜ የማገኘው መስመሩ ዳር ነው።

ባለፈው ወር ሳላሳውቅ መጥቼ ልምምዳችሁን አይቼ ነበር። ስለ ኳስ ችሎታችሁ አልናገርም፤ የግራ እግር እጥረት እንዳለባችሁ አሰልጣኛችሁ ነግሯችኋል። እኔን ያስቆመኝ ከልምምዱ በኋላ የሆነው ነው። ሁለት ልጆች የሁሉንም ማልያ ሰብስበው በማዳበሪያ ከረጢት ሞሉ፤ አንዱ አምበሉ ነው። ሜዳው ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር ሳፋ ቀረበ። ኦሞውን ማን እንደለካው እንጃ፣ አረፋው ከሳፋው ተርፎ ጫማቸውን አለበሰው። ቀዩን ከነጩ ጋር አንድ ላይ ዘፍዝፈውት ኖሮ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ። (ዛሬ ተከላካዮቻችን ለምን ሮዝ እንደለበሱ ሲጠይቁ ለነበሩ ወላጆች መልሱ ይኸው ነው።) አሰልጣኙ አልተቆጣም፤ ሥራውንም ከእጃቸው አልነጠቀም። “ሁለተኛ ለየብቻ” አለና እጅጌውን ሰብስቦ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ አብሯቸው ያሽ ጀመር።

እኔ ባጫወትኩባቸው ሰፈሮች ማልያ የሚያጥበው ማን ነበር? እናት፤ እናት ካልቻለች እህት። ልጁ ሦስት ጎል አግብቶ የጨቀየውን ማልያ በር ላይ ጥሎ ይገባል፤ እህቱ የነገ ፈተናዋን ጥናት ትታ ሳፋ ታወጣለች። ያ ልጅ ስለ ሴት ልጅ ምን እንደተማረ አስቡት፤ ማንም አስቀምጦ አላስተማረውም። ሚስቱን የሚያከብር ሰው ይወጣው ዘንድ በሠርጉ ዋዜማ ምክር ብንደረድርለት ዘግይተናል። ሳፋው ከምክሩ ይቀድማል።

መስመሩ ዳር የሚቆም ትልቅ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ቀኑን የምታውቁት ጨዋታ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ያኔ የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ወጥታ፣ በጭማሪ ሰዓት ነው የጨረሰችው። ብዙ ሰው የሚረሳው ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በዚሁ በግብፅ 4 ለ 0 መሸነፋችንን ነው። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ተጫዋች ነበር። እንዲህ ያለ ሽንፈት ቡድን ይበትናል፤ እኛ ዘንድ ግን አልበተነም።

የ1954ቱን ቡድን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ በየቤቱ የሞተ አባት፣ የተቃጠለ ቤት የሚታወስበት ጊዜ። ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። ያ ቡድን አባቱ ጣሊያናዊ የሆነን ሰው አምበል አድርጎ ነበር የተሰለፈው። እኚሁ አቶ ይድነቃቸው ናቸው፣ ነጭና ጥቁርን ቀላቅላ አላሰልፍም ያለችው ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ እግር ኳስ ውጭ እንድትሆን፣ ፊፋም እንዲያባርራት ዓመታት የተሟገቱት፤ ፊፋ ያባረራት በ1968 ዓ.ም. ነው። ዋንጫውን ትልቅ ሙዚየም ውስጥ አስቀምጡት፤ እኔ የማደንቀው ግን አንድ አሰልጣኝ አገሩ ላይ ያሰለፈውን ቡድን ዓለም ፊት ቆሞ መከራከሪያ ማድረጉን ነው።

ስለ ልቅሶም አንድ ነገር ልበል። ከሽንፈት በኋላ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ወዲያው አንድ ሰው ይመጣና “ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ወንድ ሁን!” ብሎ ትከሻውን ይመታዋል። ልጁ እንባውን ይጠርጋል። ሐዘኑን ግን የሚያደርስበት ስላላገኘ፣ ከመልበሻው ሲወጣ የመጀመሪያውን ደካማ ልጅ ይገፈትራል። ይህን ከመልበሻ በር ላይ ሆኜ ያየሁት ነው። እባካችሁ ተዉት፣ ያልቅስ፤ ውኃ ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ።

ርኅራኄ ጉልበት ይቀንሳል የሚል ካለ ደግሞ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የተሮጠውን የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ያስታውስ። በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ የወሰደው ኃይሌ ገብረሥላሴ የተረከዝ ጅማቱን ታሞ ነበር የሮጠው። እሱ ወደኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ እንዲደርስባቸውም ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ኦሊምፒክ ላይ፣ ሌሎች ተፎካካሪዎች አብረው እየሮጡ! ኃይሌ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ለቀቁት፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ 5ኛ። መጠበቅን የሩጫው ሕግ አይጠይቅም። ቀነኒሳን በልጅነቱ በቆጂ ላይ ያሰለጠኑት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው፤ ደራርቱ ቱሉና ጥሩነሽ ዲባባም በእሳቸው እጅ አልፈዋል። አንድ የስፖርት መምህር በአንዲት የአርሲ ከተማ።

በጨዋታ አለመቆጣትም ሆነ ልጅን በትልቅ ሰው ዓይን ሥር ማሳደግ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። የገና ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ጌታው በሎሌው ዱላ ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ እንዳይቆጣ ባህሉ ያስረዋል። ልጅም ከአባቱ ሌላ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ “የማን ልጅ ነህ?” ብሎ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ጎረቤት ነበረው። በዚያ ዘመን ላይ ማር አልቀባም፤ ቁንጥጫውና አለንጋው አብሮ ነበር፣ እሱ እንኳን ቀረ። ግን የሚያየው ትልቅ ሰው አያጣም ነበር። ዛሬ አባቱ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ሆኖ በወር አንዴ የሚገባ፣ እናቱ ቤሩት ወይም ጅዳ ሄዳ በአያቱ እጅ የሚያድግ ልጅ በዚህ ሜዳ ላይ አለ። እነዚያ ወላጆች ለልጃቸው ሲሉ ነው የራቁት፤ አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው እዚሁ እያለ የራቀውን ነው፤ እሑድ ሙሉውን ቀን ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ለአርሴናል የሚያለቅሰውን፣ ልጁ በየትኛው ቁጥር እንደሚሰለፍ ግን የማያውቀውን። ልጁም አባቱን ፍለጋ ይወጣል። አባቱን ባያገኝ ቤቲንግ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን ጎረምሶች ያገኛል፤ እነሱ ሁልጊዜ ጊዜ አላቸው።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ደግሞ ሳላሽሞነሙን ልናገር። ልጃችሁን ከትልቅ ሰው ጋር ስታገናኙ ጠይቁ። ማነው? የት ነው የሚቀመጡት? ምን ያወራሉ? እዚህ ያየሁት ምክር የሚሰጠው ሜዳው ዳር ባለው ደረጃ ላይ፣ ሰው እያየ ነው፤ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ልጁን “ለቤተሰብ አትንገር” የሚል አሰልጣኝ ካለ በዚያው ቀን ልጃችሁን አውጡ፣ ለሚመለከተውም አመልክቱ። ጥሩ ሰው ብትጠይቁት አይከፋውም።

አሰልጣኞች፣ ለእናንተ ያለኝ አጭር ነው። 3 ለ 0 እየመራችሁ፣ 10 ደቂቃ ሲቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ኮን የተሸከመው ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ታኬታውን አሥሮ ተቀምጦ አይቻለሁ። አስገቡት እንጂ! መቼ ሊገባ ነው?

ሜዳውንም ጠብቁ። ስንቱ የሰፈር ሜዳ ሕንፃ እንደበቀለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይህኛው የቀረው ጠያቂ ስላለው ነው።

ልጆቼ፣ ዛሬ ሰርተፊኬት ትይዛላችሁ። ከእናንተ መካከል በብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ ይኖር ይሆናል፤ የአብዛኞቻችሁ ኑሮ ግን በሌላ ሥራ ነው የሚሆነው፤ መካኒክ፣ ነርስ፣ መምህር፣ ነጋዴ። አሰልጣኛችሁም ይህን ያውቃል፤ አውቆም ነው ሳፋው ላይ ቁጢጥ ያለው። ከሐምሌ ጀምሮ የ11 እና የ12 ዓመት ታናናሾች ይመዘገባሉ። እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ያዙ። ስሙን እወቁ፣ እናቱን ሰላም በሉ፣ ኳስ ሲያበላሽ ወደ እናንተ ያያልና የምታሳዩትን ፊት አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

እዚህ ላላችሁ አባቶችና አጎቶችም፦ ከሚመዘገቡት ልጆች ገና መካሪ ያላገኙ አሉ። ኳስ መቻል አያስፈልግም፤ ቅዳሜ ጠዋት በሰዓቱ መምጣት ይበቃል። መዝገቡ መውጫው በር ላይ፣ ከእስክሪብቶ ጋር ተቀምጧል። ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።