ቧንቧን ከውርጭ፣ ከፀሐይና ከጎርፍ መጠበቅ
ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ጀልዴሳ

በጀልዴሳና በአካባቢዋ የምትገኙ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ቃላችን «ቧንቧ» ነው። «ቧ» ከ«በ» ቤተሰብ የሚወለድ ዲቃላ ፊደል ነው። ቃሉን ሦስት ጊዜ ጻፉና እንቀጥል።

ቧንቧ እንደየአገሩ ጠላት አለው። በብርድ አገር ጠላቱ በረዶ ነው። ውሃ 0 ዲግሪ ሲደርስ ይረጋል፤ ሲረጋም ይሰፋል። 100 ኩባያ ውሃ በረዶ ሲሆን የ109 ኩባያ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ቧንቧው ግን አብሮ አይሰፋምና ይሰነጠቃል። ስለዚህ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰዎች ቧንቧውን ጠልቀው ይቀብሩታል፤ ወደ ውጭ የወጣውን ይጠቀልሉታል፤ ቤት ዘግተው ሲሄዱም ውሃውን አፍስሰው ባዶ ያደርጉታል። በአገራችንም ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃን አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ጠላቱ ቢለያይም መከላከያው አንድ ነው፤ እሱም አፈር ነው።

የእኛ ቧንቧ የመጀመሪያው ጠላት ፀሐይ ነው። በግቢ ላይ ተዘርግቶ የሚውል ፕላስቲክ ቧንቧ ከጊዜ በኋላ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሰበራል። በመሆኑም እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ማለትም ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሩ። ከሥሩም ከላዩም ድንጋይ የሌለበት አሸዋ አልብሱት፤ ከዚያ አፈሩን መልሱ። ከግድግዳ ጋር የሚወጣውን ክፍል ደግሞ በጆንያ ጠቅልሉት።

ሁለተኛው ጠላት ጎርፍ ነው። የእኛ ክረምት ውርጭ ሳይሆን ደራሽ ውሃ ያመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንዳለቁ አንረሳውም። ትንሹም ጎርፍ ቢሆን አሸዋውን ጠርጎ ቧንቧውን ያራቁተዋል፤ መጋጠሚያውንም ያላላዋል። እንግዲህ ሰኔ ሳይገባ ቧንቧችሁ የሚያልፍበትን መስመር ተመልከቱ። ጎርፍ በሚወርድበት ቦታ እንዳያልፍ አድርጉ፤ ግድ ካለፈም ከላዩ ድንጋይ ደርድሩበት።

ሦስተኛው ጠላት ኖራ ነው። የድሬዳዋ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በቧንቧ ውስጥም ይጋገራል። መክፈቻው እንዳይጠብቅ አልፎ አልፎ ፈታችሁ ጥረጉት፤ ያለቀውንም ጎማ ለውጡ።

የተሰነጠቀ ቧንቧ ገንዘብ ብቻ አያባክንም። ውሃ ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በስንጥቁ በኩል የውጭው እድፍ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ እድፉ በልጆቻችን ኩባያ ውስጥ ይገኛል፤ ተቅማጥም ያመጣል። ስለዚህ ከጎርፍ ወይም ከጥገና በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ አፍስሱት፤ የሚጠጣውን አፍሉት።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ በዓይን አይታይም፤ ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ግን ያገኘዋል። ውሃ በሚኖርበት ሌሊት መክፈቻዎቹን ሁሉ፣ የሮቶውንም ጭምር፣ ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር፣ ቀዩንም ሳይቀር፣ በደብተራችሁ ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይቀዳ እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ካልተለወጠ ደህና ነው። ከጨመረ ግን ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ቦታ አለ ማለት ነውና ባለሙያ ጥሩ። ቆጣሪ የሌላችሁ፣ ከቦኖ የምትቀዱም፣ የቦኖው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አይታችሁ አትለፉ፤ ለሚመለከተው ንገሩ።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ አንድ ቧንቧ በቀን 10 ሊትር ቢያንጠባጥብ በ30 ቀን ስንት ሊትር ይሆናል? ባለ20 ሊትር ጀሪካን ስንት ይሞላል? ሠርታችሁ 15 ጀሪካን ካገኛችሁ ትክክል ናችሁ። ያን 15 ጀሪካን በጀርባዋ ወይም በአህያዋ የምታመላልስ እናት ምን ያህል ድካም እንደሆነ ታውቀዋለች።

«ቧንቧ»፣ «ቆጣሪ»፣ «ውሃ» የሚሉትን ቃላት አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።