ስለ አሮጌ ጄቶች ትርኢትና በመንገድ ላይ ስለነበሩት ሰዎች

(የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



በክበባችን ስብሰባ ላይ እጅግ ካከራከሩን ነገሮች አንዱ፥ ዕድሜው ስድሳ ዓመት የደረሰ የጦር ጄት በሕዝብ ፊት እየተገለባበጠ ትርኢት ሊያሳይ ይገባዋልን? ወይስ በቤተ መዘክር ይቁም? የሚለው ነው። ከእኛ አንዳንዶቹ «አይሮፕላን የተሠራው ሊበር ነው፤ ቆሞ የሚታይማ ሐውልት ነው» አሉ። ሌሎቹም «ያረጀ ፈረስ ለጉግስ አይወጣም» ሲሉ መለሱ። ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ከዚያ ክርክር በኋላ ያነበብነውንና ያሰላነውን ነው።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ፖቴዝ 25 የተባለው የመጀመሪያው አይሮፕላን በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ገፈርሳ ላይ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ ለበዓል ትርኢት ልምምድ የተነሣች አንዲት አይሮፕላን ወድቃለች። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዝግጅት ሲደረግ፥ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ በሐርለም ሰፈር ስሙ የገነነው ሁበርት ጁልያን፥ ንጉሡ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞት የተባለች ትንሽ አይሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጫት። እርሱ በሕይወት ወጣ፤ አይሮፕላኒቱ ተሰባበረች፤ ጁልያንም አገሩን ለቆ እንዲሄድ ተደረገ። እኛ የቁስቋም ልጆች ከእንጦጦ ሥር ስላደግን ባሕር ዛፍን የምናውቀው በማገዶነቱና በማገርነቱ ነው፤ አይሮፕላን ጥሎ ታሪክ ውስጥ መግባቱን ያወቅነው ገና አሁን ነው። በዚያን ጊዜ የተጎዳው እንጨትና ሸራ ብቻ ስለሆነ ነገሩ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ይወራል።

ጄት በመጣ ጊዜ ግን ቀልዱ አበቃ። ጳጉሜን 1 ቀን 1944 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ ትርኢት ላይ ዲ ኤች 110 የተባለ አዲስ ጄት በአየር ላይ ተበታትኖ ስብርባሪው በተመልካቹ ላይ ወረደ። አብራሪው ጆን ዴሪና ባልደረባው ቶኒ ሪቻርድስ፥ ከተመልካቹም 29 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን ኔቪል ዱክ የተባለ አብራሪ ሐውከር ሀንተር በተባለ ጄት ተነሥቶ ትርኢቱን ቀጠለ። ይህን ጀግንነት የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን በሐዘን ሜዳ ላይ ስለቀጠለ ትርኢት ተከራክረን እስከ አሁን አልተስማማንም።

ከዚያ ወዲህ ጄት በተመልካች ራስ ላይ እንዳያልፍ፥ እየተገለባበጠም ሲበር ከአጥሩ ራቅ እንዲል ጥብቅ ደንብ ወጣ። ደንቡም ሠራ። ለ63 ዓመታት በዚያ አገር ትርኢት ላይ የሞት አደጋ በምድር ሆኖ በሚመለከተው ሕዝብ ላይ አልደረሰም። ነገር ግን ደንቡ የጠበቀው በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው ነበረ። ጄቱ ከአጥሩ ሲርቅ ወዴት ይሄዳል? ከሥሩስ ማን አለ? ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ነሐሴ 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ቅዳሜ፥ እኛ የፍልሰታን ጾም በፈታንበት ዕለት፥ በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳር ባለው በሾራም አይሮፕላን ማረፊያ ትርኢት ይታይ ነበር። ከዱክ ጄት ወገን የሆነ፥ ስድሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሐውከር ሀንተር ሽቅብ ወጥቶ ክብ ሠርቶ ሲመለስ ቀና ለማለት ከፍታ አነሰውና ኤ 27 ከተባለው አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። 11 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ ወደ ግጥሚያ የሚሄዱ ወጣት የእግር ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ፤ አንዱ ሙሽራ ለማምጣት የሚጓዝ ሾፌር ነበረ፤ ከመንገዱ ዳር ቆመው ወደ ሰማይ የሚያዩም ነበሩ። በአጥሩ ውስጥ ትኬት ገዝቶ ከገባው ተመልካች አንድም አልሞተም። አብራሪው ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ።

እዚህ ላይ «አርጅቶ ነው የወደቀ» ያሉት ጓደኞቻችን ክርክሩን የረቱ መስሏቸው ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች በየካቲት 2009 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ በጄቱ ጥገና ጉድለቶች መኖራቸውን ቢጽፉም፥ ለመውደቁ የሰጡት ምክንያት ሌላ ነው። ጄቱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ፍጥነቱ በሰዓት 574 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረ፤ ሊሆን የሚገባው 648 ነው። ሽቅብ ሲወጣም የሞተሩ ኃይል ሙሉ አልነበረም። ስለዚህ ከክቡ ጫፍ ሲደርስ ከምድር 820 ሜትር ገደማ ላይ ተገኘ፤ ለመመለስ ግን ከ1,070 ሜትር ያላነሰ ያስፈልገው ነበር። አብራሪው ጄት ፕሮቮስት የተባለ ሌላ ዓይነት አይሮፕላንም ያበር ስለነበረ፥ ምናልባት ለዚያኛው የሚበቃውን ከፍታ አስታውሶ ይሆናል ሲሉ መርማሪዎቹ ጽፈዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነው፤ ጄቱ ጫፉን ካለፈ በኋላ እንኳ እስከ አራት ሴኮንድ ድረስ ክቡን ትቶ፥ በጎኑ ተገልብጦ በሰላም መውጣት ይችል ነበር። እስቲ በልባችሁ ከአንድ እስከ አራት ቁጠሩ።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ፍርድ ቤት አብራሪውን ከወንጀል ክስ ነጻ አወጣው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሟቾችን አሟሟት የመረመረችው ዳኛ 11ዱም ከሕግ ውጭ ተገድለዋል ስትል ወሰነች። ሁለቱ ውሳኔዎች እንዴት አብረው እንደሚቆሙ ለማስረዳት የሕግ ሰው ያስፈልገናል፤ እኛ ወደ ሒሳባችን እንመለስ።

ሾራም ከባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ የአብራሪው ሰዓት ያንኑ ፍጥነት ቢያሳይም አይሮፕላኑ በእውነት የሚሮጠው ከመቶ 12 እጅ ያህል ጨምሮ ነው። የክቡ ስፋት ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ በጠረፍ 800 ሜትር የሚበቃው ክብ በእኛ ሰማይ 1,000 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ የሞተሩም ኃይል በስሱ አየር ይደክማል። የሀንተር የዘመን እኩያ የሆነው ኤፍ 86 ሴበር በ1950ዎቹ በአየር ኃይላችን ዘንድ በደብረ ዘይት ነበረ፤ አብራሪዎቻችን ይህን ሒሳብ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሰውነታቸውም ያውቁት እንደነበረ እናምናለን።

ከክበባችን አንድ ተማሪ «በረራ ሁሉ አደጋ አለበት፤ ታዲያ ይቅር ልንል ነውን?» ሲል ጠየቀ። መልሳችን ጆን ሮቢንሰን ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በጣልያን ወረራ ጊዜ የአየር ኃይላችንን የመራ፥ ከድል በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን ያስተማረ ሰው ነው። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለሕመምተኛ ደም ለማድረስ ሲበር አዲስ አበባ ላይ ወድቆ፥ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ አብሮት የነበረውም ጣልያናዊ ሞተ። እነርሱ የገቡበት አደጋ በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጥ የሰው ነፍስ ነበረበት። በሾራም መንገድ ላይ በሌላው ሚዛን የተቀመጠው ጭብጨባ ነው፤ ጭብጨባውም የሟቾቹ አልነበረም።

ከሾራም በኋላ የእንግሊዝ ባለ ሥልጣኖች አሮጌ ጄቶች በየብስ ላይ ቀጥ ብለው እንዲያልፉ እንጂ እንዳይገለባበጡ አዘዙ፤ የሾራም ትርኢትም ዳግመኛ አልተደረገም። በክበባችን ድምፅ በተሰጠ ጊዜ «አሮጌው ጄት ይብረር፤ የሚገለባበጠው ግን ከሥሩ ባሕር ወይም ባዶ ሜዳ ሲኖር ብቻ ይሁን» ያሉት በለጡ። ባሕር የለንም፤ ባዶ ሜዳም ከተማችን እየሰፋች በሄደች ቁጥር እየራቀ ነው። «በቤተ መዘክር ይቁም» ያሉት ግን እስከ ዛሬ አልተረቱም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊመልሱልን እየተዘጋጁ ናቸው።

የክቡ ሥዕልና ስሌቱ በሳይንስ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሊከራከረን የሚወድ ሁሉ እዚያው ያገኘናል።