በረጨቶች እምብርት ያለው ኃይል



በጋሞ ደጋ፣ በካምባ፣ በመስከረም ወር መጨረሻ ሰማዩ ሲጠራ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ፍኖተ ሐሊብ ሰፍቶና ደምቆ የሚታይበትን ስፍራ ያገኛል። ይህም በአገሩ የቆየ የከዋክብት አቆጣጠር «ቀውስ» የሚባለው አቅጣጫ ነው። የእኛ ፀሐይ የምትገኝበት ረጨት፣ ማለትም ጋላክሲ፣ እምብርቱ በዚያ በኩል 27,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል። በመካከል ያለው አቧራ ግን እምብርቱን ከዐይን ይጋርደዋል፤ በእምብርቱ ያለው ነገርም ራሱ ብርሃን የማይወጣው ነው።

የማይታይ ነገር የሚመዘነው በዙሪያው ባሉት እንቅስቃሴ ነው። በራይንሃርት ጌንዘልና በአንድሪያ ጌዝ የተመሩ ሁለት ቡድኖች፣ አቧራውን ዘልቆ በሚያልፈው በታሕተ ቀይ ጨረር አማካይነት የአካባቢውን ከዋክብት ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። ኤስ2 የተባለው ኮከብ ባዶ በሚመስል ነጥብ ዙሪያ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። ከምሕዋሩ ስፋትና ከሚፈጅበት ጊዜ ተነሥቶ ሲሰላ፣ በነጥቡ ያለው መጠነ ቁስ የ4 ሚልዮን ፀሐዮች ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህን የሚያሟላው ብርሃን እንኳ ከስበቱ የማያመልጥበት ጥቁር ጉድጓድ ነው። ሁለቱ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

ከአንድ ረጨት ወደ ረጨቶች ዘለላ ሲታለፍ ነገሩ ይገዝፋል። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ደመናው ከተገለጠ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ግድም በካምባ ከሞላ ጎደል ከአናት በላይ የሚውለው የ«ሰንቡላ» አቅጣጫ ነው። በዚያም 55 ሚልዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ከአንድ ሺህ በላይ ረጨቶችን የያዘ ዘለላ አለ፤ ያለ ቴሌስኮፕ ግን አይታይም። በዘለላው መካከል ያለው ኤም87 የተባለው ረጨት በእምብርቱ የ6.5 ቢልዮን ፀሐዮች መጠነ ቁስ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 በልዩ ልዩ አህጉራት የሚገኙ የራዲዮ ቴሌስኮፖች በአቶሚክ ሰዓት ተቀናጅተው፣ የምድርን ስፋት እንዳከለ አንድ መሣሪያ ሆነው ተመለከቱት፤ የጥላውም ምስል በ2019 ይፋ ሆነ።

በዘለላዎች ውስጥ፣ በረጨቶቹ መካከል፣ በብዙ ሚልዮን ዲግሪ የጋለና የራጅ ጨረር የሚያወጣ ጋዝ ሞልቷል፤ መጠነ ቁሱም ከከዋክብቱ ሁሉ ድምር ይበልጣል። ጋዙ በመካከል ስለሚጠጋጋ ፈጥኖ ቀዝቅዞ ወደ እምብርቱ መውደቅና እልፍ አዳዲስ ከዋክብትን መውለድ ነበረበት። ይሁን እንጂ የሚወለዱት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሱ ናቸው። ሊቃውንት በብዛት የሚቀበሉት ምክንያት እንዲህ የሚል ነው፦ ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ ከሚወርደው ጋዝ የሚገኘው ኃይል ከፊሉ ከጉድጓዱ ውጭ በፍንጥቅ መልክ ይወረወራል፤ ፍንጥቁም በጋዙ ውስጥ ታላላቅ አረፋዎችን እየነፋ ያሞቀዋል። ቻንድራ የተባለው የራጅ ቴሌስኮፕ በፔርሲየስ ዘለላ ውስጥ አረፋዎቹንና ከእነርሱ የሚሰራጨውን ሞገድ አሳይቷል። ጋዙ ሲቀዘቅዝ የሚወርደው ይበዛል፤ ፍንጥቁም ይበረታል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይቀንሳል። በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲጎድል የሚከፍተውንና ሲሞላ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ለሚያውቅ መሐንዲስ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ የሚሆነው ልኩ ነው፤ ከሥርዓተ ፀሐይ ብዙም የማይሰፋ አካል በብዙ መቶ ሺህ የብርሃን ዓመት የተንጣለለን ጋዝ ይገራልና።

ይህ ጥናት ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በቀድሞው የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ረጨቶች ንቁ እምብርት ሲመራመሩና ወጣቶችን ሲያሠለጥኑ የቆዩት ዶክተር ሚርያና ፖቪችም እ.ኤ.አ. በ2018 ሴት ሳይንቲስቶችን የሚያከብረው የ«ኔቸር» ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ይሁን እንጂ እንጦጦ ከአዲስ አበባ መብራት ጎን ነው። ካምባን የመሰሉ የደጋ ከተሞች ገና ጨለማ ሰማይ አላቸው፤ መብራትም ይገባቸዋል። ሁለቱን ማስታረቅ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ብርሃኑን ወደ መሬት የሚመልስ ክዳን ያለው የመንገድ መብራት መንገዱን ያበራል፤ ሰማዩንም አይጋርድም። ይህ በንድፉ ላይ ካልታሰበ፣ ነገ የካምባ ተማሪ የረጨቱን እምብርት አቅጣጫ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ይሆናል።