አካል ይራቅ፣ ድምፅ ይቅረብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ፣ ተማሪ በወረርሽኝ ጊዜ ጭንቀቱን ያለ አደጋ በምን ሊያቀል እንደሚችል እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ «ያለፈ ነገር አይደለምን?» ብዬው ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነውና። ነገር ግን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል እስከ እኛ ዘመን የደረሰ ልማድ ነው። እኛስ ከራሳችን ዘመን በሽታ ምን ልማድ አተረፍን? ዛሬ የቆምሁት ይህን ለመጠየቅ ነው።

ያ ጊዜ ለእኛ ለቦሌ፣ ለገርጂና ለኮተቤ ልጆች የራዲዮ ወሬ ብቻ አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ጥቂት ቆይቶም እኛ ሻንጣችንን ይዘን ከየመኝታ ቤታችን ወጣን። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ መንገደኛ 14 ቀን በሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። ባዛርና ዘፈን እናውቅበት የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽ እስከ 1,000 አልጋ የሚይዝ የሕክምና ማዕከል ሆነ። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም ታማሚዎችን ይቀበል ነበር። የአምቡላንስ ጩኸት በሌሊት ሲያልፍ ደብተሩን ገልጦ አንድ ገጽ ያነበበ ተማሪ ካለ እርሱን አደንቃለሁ። እኔ አልቻልሁም።

ያን ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ገርጂ ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የሟቹን ቁጥር ስከታተል ውዬ፣ ሌሊቱን ዐይኔን ሳልከድን አነጋ ነበር። በኋላ የረዳኝን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወሬ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርሱንም ከጤና ሚኒስቴር መግለጫ ብቻ መስማት ጀመርሁ። ሁለተኛ፣ ሰው ሳይበዛ ማለዳ ተነሥቼ በውስጥ ለውስጥ መንገድ እራመድ ነበር። በሜዳ አየር የሰው ትንፋሽ ቶሎ ይበተናል፤ የጧት ብርሃንም እንቅልፍን በሰዓቱ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ በግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል፣ ጎመን መኰትኰት፣ ማታም ከእኅቴ ጋር ገበጣ መጫወት። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ያርፋል። አራተኛ፣ ልብ ሲመታ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ፣ ከሳቡት አርዝሞ መተንፈስ። ረጅም ትንፋሽ የልብን ምት ያዘገያልና።

ከዚህ በተቃራኒ፣ በር ዘግተው ጫት የቃሙና አረቄ የጠጡ ጓደኞቼ ለጥቂት ሰዓት ቀለል ብሏቸው፣ በማግሥቱ ባሰባቸው። ሺሻማ ቧንቧው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ለበሽታው ራሱ መንገድ ነው። ለብዙ ቀን እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያለው፣ ወይም ሞትን መመኘት የጀመረ ሰው ግን በእግር ጉዞና በገበጣ አይታከምም፤ ያለ ማፈር ወደ ሐኪም ይሂድ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ሕመም ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ የራሴን ጥፋት ብደብቅ ንግግሬ ከንቱ ነው። በመኝታ ቤታችን አብሮን የነበረ አንድ ልጅ አገሩ ከመንገድ የራቀ ነበር። ሲሰናበተን «ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እወጣለሁ፤ ደውሉልኝ» አለን። አምስት ነበርን፤ አምስታችንም «እሺ» አልን። እኔ በማለዳ እየተራመድሁ፣ በትንፋሼ እየተረጋጋሁ፣ አንድም ቅዳሜ አልደወልሁም። ሌላው ይደውልለታል ብዬ ነበር፤ ሌሎቹም እንደ እኔው አስበው ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት አልጋው ባዶ ሆነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳገኘው «አልታመምሁም ነበር፤ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም እንጂ» አለኝ። ትምህርቱን አልቀጠለም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ አካላችንን ማራራቅ ግድ ነበር፤ ድምፃችንን እንድናርቅ ግን ያዘዘን አልነበረም። ለብቻ የሚደረገው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ራሱን ብቻ ያረጋጋ ሰው ግማሹን ሠራ እንጂ አልጨረሰም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ ዛሬ በደኅናው ቀን፣ በየመኝታ ቤቱ የጥሪ ተራ ይጻፍ። ማን ለማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚደውል በስም ይታወቅ። ስልክ የሌለው የጎረቤቱን ቁጥር ያስመዝግብ። «ሁላችንም እንደውላለን» ማለት ማንም አይደውልም ማለት መሆኑን እኔ በጓደኛዬ ኪሳራ ተምሬዋለሁና። ወረቀቱን አዘጋጅቼ በበሩ አጠገብ አኑሬአለሁ፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው።